ከክፍል ሲወጡ ማን ይጠብቃቸዋል? ስለ ጀማሪ የሕክምና መምህራን

(ለሕክምና መምህራንና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ስለ አንድ ሰኞ በመናገር ልጀምር።

ዓርብ ዕለት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም፣ ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት መምህር ሆንኩ። ፕሮግራሙ ላይ ስሜ ተጽፏል፤ «የአሲድና ቤዝ ሚዛን፣ 50 ደቂቃ» ይላል። ማስተማር ተምሬ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሐኪም የሆነ ሰው ያስተምራል፣ በቃ። «ዶክተር» የሚለው ቃል ራሱ «ማስተማር» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። ስሙ ተሰጥቶናል። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያሳየን ግን የለም።

ቅዳሜና እሑድን ስላይድ ስሠራ ዋልኩ። 62 ስላይድ ሆነ። በ50 ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ጨረስኳቸው። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለ?» አልኩ። ዝም። «ገብቷችኋል?» አልኩ። ጥቂቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከነዚያው ተማሪዎች አንዱን ዋርድ ውስጥ አገኘሁት። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ደሙ ውስጥ አሲድ የበዛበት ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሟል። የላብራቶሪው ውጤት እጁ ላይ ነው፤ ሶዲየም 138፣ ክሎራይድ 100፣ ባይካርቦኔት 10። ጠዋት ያስተማርኩትን ቀመር ደብተሩ ላይ በሚያምር ጽሑፍ ገልብጦታል። ሒሳቡንም በትክክል ሠራው፤ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ተደምረው 110፤ ከሶዲየሙ 138 ሲቀነስ 28። «ጎበዝ» አልኩት። ቀጥዬ «ይህ ሰው ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ ቶሎ፣ እንዲህ በጥልቀት የሚተነፍሰው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ ታካሚውን አየ። ደብተሩን አየ። እኔን አየ። አንገቱን ደፋ።

መልሱ እኮ ከፊታችን ተኝቷል። ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አብዝቶ እያስወጣ ሚዛኑን ለመመለስ ይታገላል። ታካሚው በእያንዳንዱ ትንፋሹ ይህንኑ እያሳየን ነበር። 62 ስላይድ አሳይቼ ያንን ትንፋሽና ያንን ቁጥር ለተማሪዬ ሳላገናኝለት ቀርቻለሁ።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ መብራት እንኳ ሳላበራ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተማሪዎቹን ወቀስኩ። ቀጥዬ ራሴን። «እኔ ለማስተማር አልተፈጠርኩም» ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ለማንም አልተናገርኩም። «ትናንት እንዴት ነበር?» ያለኝም የለም። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላ ሌክቸር መጣ፣ ሌላ ስላይድ ሠራሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ዝምታ ልነግራችሁ ነው።

እስቲ ከሌላው ሥራችን ጋር አስተያዩት። አንድ ጀማሪ ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያውን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ብቻውን አይሠራም። ሲኒየሩ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ እጁን ያያል። አንዳንዴ ዝም ይላል። አንዳንዴ «ቆይ፣ ትንሽ ወደ ላይ» ይላል። ሲጨርሱ ጓንታቸውን እያወለቁ ያወሩበታል። ምኑ ጥሩ እንደነበር፣ የቱ ጋ ልብ እንደራደ። ማስተማር ላይ ስንደርስ ግን በሩ ይዘጋል። ጀማሪው ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይወጣል። ባልደረቦቹ ሲያስተምር አይተውት አያውቁም። እሱም እነሱን ከተማሪነቱ ዘመን ወዲህ አላያቸውም። የሚደርሰው ነገር ቢኖር በሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪዎች ኢቫሉዌሽን ነው። ከ5 3.6 የሚል ቁጥር። የቱ ቀን እንዳማረለት፣ የቱ ቀን እንደተበላሸበት፣ ለምን እንደተበላሸበት ከዚያ ቁጥር ውስጥ አይገኝም።

ይህ ሰው ሥራ ፈት አይደለም። ታካሚ አለው፣ የሌሊት ተረኛ ነው፣ የጀመረው ጥናት አለ፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ የሚሸከመው ፍርሃት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ፖውሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በሥራቸው የተሳካላቸው ሴቶች ላይ ያስተዋሉትን ጽፈዋል። እነዚያ ሴቶች ውጤታቸው ከፊታቸው ተቀምጦ እያለ «አንድ ቀን ይነቃብኛል» የሚል ስጋት አይለቃቸውም ነበር። ጀማሪ የሕክምና መምህራንን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ቁጭ ብዬ ሳነጋግር ያንን ስጋት እሰማለሁ። ሁሉም ደግሞ እሱ ላይ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ጎን ለጎን ቢሮ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፍርሃት ይዘው በኮሪደሩ ሰላም ተባብለው ያልፋሉ።

እኔ ከዚያ ሰኞ በኋላ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። ባስተማርኩ ቁጥር ማታ ማታ እጽፋለሁ። ጥሩ ነገር እያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። ቢሮ የምንጋራ አንዲት የነርሶች መምህርት ነበሩ። ከእኔ በብዙ ዓመት ይቀድማሉ። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። አንድ ቀን «ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትጽፈው?» አሉኝ። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሦስት አራት ገጽ አነበቡና መለሱልኝ።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ክስ ነው» አሉ። «ደካማ ነበርኩ፣ ሰዓት አላብቃቃሁም፣ አሰለቸኋቸው። ምስክር የለው፣ ማስረጃ የለው። ተማሪው ምን አለ? ፊቱ ምን ይመስል ነበር? አንተ ከመግባትህ በፊት ምን ያውቅ ነበር?»

መመለስ አልቻልኩም። ወደ 40 ገጽ ጽፌያለሁ። ሁሉም ስለ እኔ ነው። አንድም ተማሪ ውስጡ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማምነው ይህን ነው። ብቻውን የሚያሰላስል ጀማሪ ቶሎ ወደ ራስ ወቀሳ ይገባል። አብሮት የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። ሰው ማግኘትም ብቻውን አይበቃም። ይዞት የሚሄደው ጉዳይ ከሌለው፣ ትውውቁ ስልክ ቁጥር ከመቀባበል አያልፍም። ብዙ ቦታ ለጀማሪ መምህራን የሚደረገው ድጋፍ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። እዚህ ጋ ማሰላሰያ ቅጽ፣ እዚያ ጋ የትውውቅ ምሽት። እኔ አንድ ላይ ነው የማያቸው።

ማሰላሰል ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 እንደጻፈው፣ አሰላስሎ ማሰብ የሚነሳው ከግራ መጋባት ነው። አንድ ነገር እንደጠበቅነው አልሄደም። አልገጠመልንም። ከዚያ ነው ቆም ብለን የምንጠይቀው። ያ ተማሪ አንገቱን የደፋባት ቅጽበት የእኔ ግራ መጋባት ነበረች። እኔ ግን እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ፍርድ ወሰድኳት።

ባለሙያዎች ሲሠሩ እንዴት እንደሚያስቡ ያጠናው ዶናልድ ሾን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት ነገር ለይቶ አሳየ። አንዱ በሥራው መሀል ማሰላሰል ነው፤ ሌላው ከሥራው በኋላ መለስ ብሎ ማየት። ይህ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። መድኃኒት ሰጥተን የታካሚው የደም ግፊት ሲወርድ «እንደጀመርኩ ልጨርስ» አንልም። ቆም እንላለን። ምርመራችንን እንጠራጠራለን። ክፍል ውስጥ ግን ግማሹ ተማሪ ዓይኑ ፈዞ እያየን ስላይድ ቁጥር 34ን እናልፋለን። ታካሚ አልጋ ላይ ያለን ንቃት ሰሌዳ ፊት ለምን እንደሚጠፋን ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ታካሚው ላይ ስንሳሳት የሚያርመን ሰው እንዳለ እናውቃለን። ክፍል ውስጥ ማንም የለም።

መለስ ብሎ ለማየት ረጅም ቅጽ አያስፈልግም። ቴሪ ቦርተን የተባለ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረባቸው ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ምን ሆነ? ታዲያ ምን ማለት ነው? አሁንስ ምን ላድርግ? ሲስተር ደብተሬን ከመለሱልኝ በኋላ ያንን የአሲድና ቤዝ ትምህርት በእነዚህ ጥያቄዎች እንደገና ጻፍኩት። ላንብብላችሁ።

ምን ሆነ? «ተማሪው ቀመሩን በትክክል ሠራ። የታካሚውን አተነፋፈስ ከውጤቱ ጋር አላገናኘውም። ክፍል ውስጥ ‹ገብቷችኋል?› ስል ከ40 ተማሪ አምስት ያህሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌሎቹ እየጻፉ ነበር።»

ታዲያ ምን ማለት ነው? «ስላይዶቼ ላይ አንድም ታካሚ የለም። ቁጥር ብቻ ነው ያስተማርኩት። ‹ገብቷችኋል?› ሲባል ደግሞ ‹አልገባኝም› ብሎ የሚነሳ ተማሪ የለም። እኔም ተማሪ ሆኜ ተነስቼ አላውቅም።»

አሁንስ? «በሚቀጥለው ጊዜ በሚተነፍስ ሰው እጀምራለሁ። ቀመሩ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ይምጣ። አንድ የላብራቶሪ ውጤት ሰጥቼ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሥሩት። እኔ በመሀላቸው እየዞርኩ ልስማ።»

«ደካማ» የሚል ቃል የለበትም። ይህ አሥር ደቂቃ ነው የወሰደብኝ። ከ40 ገጹ ክስ የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አንዝለል። ግራሃም ጊብስ የተባለ የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት፣ የሆነውን ከመግለጽ ቀጥሎ የሚመጣው ስሜት ነው። ምን ተሰማህ? ግምገማና ትንተና ከዚያ በኋላ ናቸው። እኛ ሐኪሞች ይህችን ደረጃ መዝለል እንወዳለን። «የሆነው ይህ ነው፣ መፍትሔው ይህ ነው» ብለን እንሮጣለን። እኔም ዘልያት ነበር። ሲስተር ናቸው የመለሱኝ፤ «ስላይዱን ስትሠራ ምን ተሰምቶህ ነበር?» አሉኝ። ትንሽ ቆይቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ፈርቼ ነበር። የማልመልሰው ጥያቄ እንዳይመጣብኝ ነው ጊዜውን በስላይድ የሞላሁት። 62ቱ ስላይድ ለተማሪው አልነበረም። እኔ ከኋላው የምቆምበት አጥር ነበር። ይህን ባላውቅ ኖሮ በዓመቱ 62ቱን ወደ 40 ዝቅ አድርጌ «አሻሽያለሁ» እል ነበር። አጥሩ ግን እዚያው ይቆማል።

ለኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። ይህን ነገር ማርክ አትስጡበት። መምህሩ የጻፈውን ሰብስባችሁ ለዕድገት ፋይል አታድርጉት። ሰው የሚጻፍበት መሆኑን ካወቀ ሊነበብለት የሚፈልገውን ይጽፋል። «ተግዳሮት ገጥሞኝ ነበር፣ ተቋቁሜዋለሁ» የሚል ወረቀት ትሰበስባላችሁ። ደብተሩ የባለቤቱ ይሁን። የሚያሳየውን ሰው ራሱ ይምረጥ። ለጸሐፊው ደግሞ፣ የታካሚ ስም አትጻፍ፣ የተማሪ ስም አትጻፍ። ደብተር ይጠፋል።

ስቲቨን ብሩክፊልድ የተባለ የጎልማሶች ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ መምህር ራሱን የሚያይባቸው አራት መነጽሮች አሉ አለ። የራሱ የሕይወት ታሪክ፣ የተማሪዎቹ ዓይን፣ የባልደረቦቹ ዓይን፣ እና ንባብ። ልብ በሉ። ከአራቱ ብቻችንን ልናደርገው የምንችለው የመጀመሪያውን ነው። ተማሪና ባልደረባ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ንባብም ቢሆን የሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ «ራስህን መርምር» ብለን ሰውን ወደ ክፍሉ ስንሸኘው ከአራቱ መነጽር አንዱን ብቻ ሰጥተነዋል።

እንግዲህ ሰዎቹ ከየት ይምጡ?

ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ሰዎች ሙያ እንዴት እንደሚማሩ ሲጽፉ አዋላጆችንና ልብስ ሰፊዎችን ከምሳሌዎቻቸው መሀል አድርገዋል። ያሳዩት ነገር ቀላል ነው። አዲሱ ሰው ከዳር ይጀምራል። ትንሽ ግን እውነተኛ ሥራ ይሰጠዋል። የነባሮቹን ወሬ ይሰማል፣ ሲሳሳቱ ያያል፣ ቀስ በቀስ ወደ መሀል ይገባል። እኛም ሕክምናን የተማርነው እንዲሁ ነው። ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎች በየአልጋቸው ሲታዩ፣ ከኋላ ቆመን። ቻርት ይዘን። ማስተማርን ግን ከዳር እንድንጀምር አይፈቀድልንም። በመጀመሪያው ቀን ወደ መሀል እንወረወራለን፤ ዙሪያችንን ደግሞ ማንም የለም።

ዳር ለመፍጠር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ጀማሪው የመጀመሪያ ወር ላይ የሌላ ሰው ሌክቸር ገብቶ ይቀመጥ። ቀጥሎ ከአንድ ሲኒየር ጋር ተካፍሎ ያስተምር፤ እሱ 15 ደቂቃ፣ ሲኒየሩ 35። ቀጥሎ እሱ ያስተምርና ሲኒየሩ ከኋላ ይቀመጥ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ታዲያ ፈታኝ ሆኖ አይገባም። ከመግባቱ በፊት «ምን ላይልህ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «ጥያቄ ጠይቄ ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ እይልኝ» ካለው፣ እሱን ብቻ ያያል። ይህን አንዴ ለአንድ ጓደኛዬ አድርጌለታለሁ። ጥያቄ ጠይቆ ራሱ እስኪመልስ የሚቆየው ሁለት ሰከንድ ነበር። እሱ ረጅም ጊዜ የጠበቀ ነበር የመሰለው። ሰዓቱን ስነግረው ሳቀና «እንደዚያ ከሆነማ ተማሪዎቹ ምን ያድርጉ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት በልቡ አምስት ድረስ ቆጠረ። ድምፅዋን ሰምቶ የማያውቃት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

ቅርብ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ሩቅ ሰዎችም ያስፈልጋሉ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ላላ ትውውቅ ጽፏል። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠየቀ፤ ያንን የነገራችሁን ሰው ምን ያህል ታገኙት ነበር አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ሰው ነው ያሉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወሬውን ያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብሮህ የሚውል ሰው የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። አዲስ ነገር የሚመጣው ከሌላ ግቢ ነው።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ራውንድ ላይ ማስተማር አቅቶኝ ነበር። ታካሚው ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት። ተማሪው ኬዝ ፕረዘንት ያደርጋል፣ ማለትም የታካሚውን ሁኔታ ያቀርባል፣ እኔ መልሱን እናገራለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን። በትምህርት ክፍላችን ሁሉም እንዲያ ስለሚያደርግ ችግር መሆኑን እንኳ አናወራውም። አንድ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ የቤተሰብ ሐኪም ይህን ሲሰማ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጻፈልኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 የሙያ ባልደረቦቹ ያሳተሙት ዘዴ ነው። በቅድሚያ ተማሪው ሐሳቡን እንዲወስን አድርግ፤ «ምን ይመስልሃል?» ለምን እንዳለ ጠይቀው። አንድ አጠቃላይ ነገር ብቻ አስተምረው። ትክክል የሠራውን ለይተህ ንገረው። የተሳሳተውን አርም። በቃ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ወረቀቱን ጋዎኔ ኪስ ውስጥ እስኪቀደድ ድረስ ይዤው ዞርኩ። ያንን ሐኪም ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ትልልቅ ጉባኤዎች ለዚህ ነው የሚጠቅሙት። በሕክምና ትምህርት ዙሪያ የሚሰባሰበው የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ኮፐንሃገን ላይ ሲመሠረት በአንድ አህጉር የታሰበ ነበር፤ ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው ይመጣበታል። ግን እውነቱን እንነጋገር። ጀማሪ ሰው እንደዚያ ያለ ቦታ ሲሄድ በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ያያል። ሁሉም የሚተዋወቅ ይመስለዋል። «ኔትወርክ አድርግ» ብሎ መላክ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ማስተዋወቅ የሲኒየሩ ሥራ ነው። ሲያስተዋውቅም በማዕረግ ሳይሆን በጥያቄ ቢሆን ጥሩ ነው። «ይህች የእኛ አዲስ ሌክቸረር ናት» ካልን ሁለቱ ሰዎች ፈገግ ብለው ይለያያሉ። «ራውንድ ላይ ዝም የሚሉ ተማሪዎች አስቸግረዋታል፤ እርስዎ ደግሞ በዚህ ላይ ሠርተዋል» ካልን ወሬው ተጀመረ። ጥያቄው ታዲያ ከየት ይገኛል? ከደብተሩ። አሥር ደቂቃ መለስ ብሎ ያየ ሰው ነው ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው።

ወደ ቅርብ ሰዎች ልመለስ፤ እኔ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለእነሱ ነው። ማይክል ባሊንት የተባለ በሃንጋሪ የተወለደ የሥነ ልቦና ሐኪም ከባለቤቱ ከኢኒድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችን በትንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ ሐኪም የከበደውን ታካሚ ያነሳል። ሌሎቹ ያዳምጣሉ። የሚነጋገሩት ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን በሐኪሙና በታካሚው መሀል ስላለው ነገር ነው። ዛሬም በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ። ይህንኑ ለመምህራን አድርገነዋል። ታካሚውን በተማሪ ተካነው።

አምስት ሆነን ጀመርን። አንድ ሰዓት፣ በየሁለት ሳምንቱ። ከተለያየ ትምህርት ክፍል ነን፤ አለቃ የለንም። አንድ ሰው አንድ ገጠመኝ ያመጣል። አንድ ብቻ። ሲጨርስ ሌሎቻችን ለ15 ደቂቃ ጥያቄ እንጂ ምክር መስጠት አንችልም። ይህ ሕግ ከባድ ነው። ሐኪም ችግር ሲሰማ እጁ ማዘዣ ወረቀት ላይ ይሄዳል። «እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው» ማለት ያምረናል። ግን ቶሎ የመጣ ምክር የሰውየውን ሐሳብ ያቋርጠዋል። ብዙ ጊዜ 15ቱ ደቂቃ ሳያልቅ ባለጉዳዩ ራሱ «ቆይ፣ ለካ...» ይላል።

አንዴ አንድ ወጣት የሕፃናት ሐኪም ስለምትዘገይ ተማሪ አመጣልን። ሁልጊዜ ራውንድ ላይ ዘግይታ ትመጣለች፣ እሱም በሁሉም ፊት ተቆጥቷታል። «ዲሲፕሊን የላትም» ነው የሚለው። ጥያቄ ጀመርን። ስንት ደቂቃ ትዘገያለች? ከየት ነው የምትመጣው? ስትቆጣት ምን አለች? አንዱ «አንተ ተማሪ ሳለህ ስትዘገይ ምን ይሉህ ነበር?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሲኒየር በር ላይ አቁሞ ያዋረደውን ቀን ነገረን። ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ድምፅ ነበር ለተማሪዋ የተጠቀመው። አላስተዋለውም ነበር። ማንም አልወቀሰውም። በማግስቱ ተማሪዋን ለብቻዋ አናገራት።

ይህን ከደብተር ጋር ብቻውን ተቀምጦ የሚያገኘው አይመስለኝም።

የስልክ ግሩፕም ይረዳል፤ ስላይድና ጽሑፍ ለመቀባበል ጥሩ ነው። ነገር ግን በር ላይ ስለተዋረደበት ቀን ሰው ግሩፕ ላይ አይጽፍም። ፊት ለፊት መቀመጥ ያስፈልጋል።

አሁን ኃላፊ ለሆናችሁ። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሰዓት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ፕሮግራም ላይ ጻፉ። ታካሚ እንዳይመደብበት፣ ስብሰባ እንዳይጠራበት አድርጉ። «በትርፍ ጊዜያችሁ አድርጉት» ካላችሁ አይደረግም፤ ትርፍ ጊዜ የላቸውም። ሁለተኛው፣ ማስተማር ሲቆጠር ይታይ። ኧርነስት ቦየር የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 የምሁርነት ሥራ ምርምር ብቻ አይደለም፣ ማስተማርም ራሱን የቻለ ምሁርነት ነው ብሎ ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም ብዙ ቦታ ሌክቸሩን ለማሻሻል ወራት የደከመ ወጣት ዕድገት ሲጠይቅ «ስንት ጽሑፍ አሳትመሃል?» ይባላል። እሱም ትምህርቱን ይወስዳል። የሚያዋጣውን ያውቃል፣ ወደዚያ ይሄዳል። በሱ አልፈርድም።

ሦስተኛው ምንም ወረቀት አይፈልግም። የተበላሸባችሁን ቀን ንገሯቸው። ጀማሪ ሰው ሲኒየሩን ሲያይ ሁልጊዜ እንዲህ እንደነበረ ይመስለዋል። ይህን የ62 ስላይድ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጀማሪዎች ስናገር አንዷ መጥታ «እኔ 70 ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቢሮዬ መምጣት ጀመረች።

ስለ እሷ ነግሬያችሁ ልጨርስ። ባለፈው ጊዜ ከሌክቸር ስትወጣ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «ጥሩ ነበር?» አላልኳትም። እንዲያ ከተባለ መልሱ «አዎ» ነው። «እንዴት ነበር?» አልኩና ቆምኩ።

«ደህና ነበር» አለች። ኮምፒውተሯን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ከዚያ «አንድ ነገር ግን...» አለች። ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

ስለ ኩላሊት ድካም እያስተማረች ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለች ተማሪ መሀል ላይ መጻፍ አቆመች። ብዕሯን አስቀምጣ ስላይዱን ታያለች። «ሰለቻት ብዬ ፍጥነቴን ጨመርኩ። ስጨርስ ግን ልጠይቃት ብዬ ሄድኩ። አባቷ በዚሁ ሕመም ተኝተዋል። ስለሚቀረው የዕድሜ ግምት ያሳየሁትን ግራፍ ነው ስታይ የነበረችው።» ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ዝም ብዬ አጠገቧ ቆምኩ። ነገ ደግሞ ቀጣዩ ክፍል አለ፤ ስለ ዲያሊሲስ ነው። ምን ላድርግ? እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

አሰብኩ። እኔም አላውቅም ነበር። ይህ በእኔ ክፍል ደርሶ አያውቅም፤ ወይም ደርሶ አላየሁትም። ስልኬን አወጣሁና፣ የተማሪዋን ስም ሳልጠራ፣ ሲስተር ጋ ደወልኩ።